ሕዝቡ ይሰናከላል

ክቡር አባ ኢያሱ፣ ክብርት ሊቀ መንበራችን እትዬ እማዋይሽ፣ የኮሚቴው ጸሐፊ ጋሽ ኃይለ ማርያም፣ ክቡራትና ክቡራን፣ በዚህ ምድር ቤት አዳራሽ ለዓመታት አብረን ያገለገልን እኅቶቼና ወንድሞቼ፤ ይህን ስንብት ስላሰናዳችሁልኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

አዳራሹን ያስጌጡትን ለይቼ ሳላመሰግን አላልፍም። ባነሩ ላይ «መሥዋዕትነትሽ ከልባችን አይጠፋም» ተብሎ ተጽፎ ከሥሩ ፎቶዬ ተለጥፎ ሳይ፣ በር ላይ ቆሜ መቼ እንደሞትኩ ለማስታወስ ሞከርኩ። ፎቶውም የኢቃማዬ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ፎቶ ላይ ሁላችንም ተጠርጣሪ እንመስላለን። እንዲህ ሲተልቅ ደግሞ ወንጀሉም አብሮ ይታያል።

ባለ ነብሩን ብርድ ልብስም አይቼዋለሁ። ነገ ማታ ለምትሳፈር፣ ኪሎዋ ሞልቶ ሻንጣዋን ተቀምጣበት ለዘጋች ሴት፣ የሁለት ሰው ብርድ ልብስ መስጠትን ከዚህ ኮሚቴ በቀር ማን ያስበዋል? እሱንም አመሰግናለሁ።

ከእኛ ቀጥሎ አዳራሹ የህንዶቹ መዘምራን ነው። በሩ ላይ ቆመው ሰዓታቸውን እያዩ ነው። ስለዚህ አሳጥራለሁ። እዚህ መድረክ ላይ «አሳጥራለሁ» ብሎ ያሳጠረ ሰው እስካሁን አላየሁም፤ እኔ ግን ልሞክር።

አዲስ ለመጣችሁ፣ የሺሐረግ እባላለሁ። እዚህ ኩዌት፣ ሳልዋ ሰፈር፣ አንዲት ማዳም ቤት ምግብ አብሳይ ነኝ። አርብ አርብ ደግሞ ልጅ ለሚያስጠምቁ ወላጆችና ክርስትና ለሚያነሱ ሰዎች እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ስለ ጥምቀት አስተምራለሁ። ትምህርቱ ስድስት አርብ ነው። ስድስት ይሁን ያሉት ጋሽ ኃይለ ማርያም ናቸው። በወር አንድ አርብ፣ እሱም ማዳሟ ደስ ካላት ብቻ የምትወጣ ሴት ስድስቱን እስክትጨርስ ልጇ ጥርስ ያበቅላል። አንዲት የኦርቶዶክስ እኅት ይህን ሰምታ ምን አለችኝ? «እኛ ሴት ልጅን በሰማንያ ቀኗ እናስጠምቃለን፤ የእናንተ ኮሚቴ በሰማንያ ዓመቷ ሊያደርገው ነው?» ለኮሚቴው አስተላልፋለሁ አልኳት፤ ይኸው ዛሬ አስተላለፍኩ።

ስለ ክርስትና አባቶችም ብዙ አስተምሬያለሁ። ክርስትና አባት ስትመርጡ እምነቱን እዩ ብዬ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼ መኪናውን ያያሉ። መኪና ያላቸው ጋሽ ኃይለ ማርያም ስለሆኑ ከፋርዋኒያ እስከ አሕመዲ ያለው ወንድ ልጅ ሁሉ የእሳቸው ክርስትና ልጅ ነው። ባለፈው ፋሲካ አንዱን ሕፃን ራሱን ዳብሰው «አንተ ደግሞ የማን ልጅ ነህ?» አሉት። ልጁ ቀና ብሎ አያቸውና «የእርስዎ» አላቸው።

ሳቁ፣ ጋሼ። እኔም ያን ቀን ስቄያለሁ።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። በየቤቱ ስታወሩት የከረማችሁትን ዛሬ ከባለቤቷ አፍ ብትሰሙት አይከፋም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ከአሕመዲ አንድ ሰው ልጁን ይዞ ወደ ትምህርቴ መጣ። ዘላለም ይባላል፤ ከኋላ በኩል ከዓምዱ አጠገብ የተቀመጠው ነው። በነዳጅ ሠራተኞች ካምፕ ውስጥ ኤሲ ይጠግናል። ልጁ ሄራን አምስት ዓመቷ ነበር፤ አልተጠመቀችም። እናቷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የጸሎት ቤት ልጅ ነበረች፤ ልጅ አድጎ፣ አምኖ፣ ራሱ ይጠመቅ የምትል። ታማ ስትደክም ግን ለዘላለም «አንተ እንደወደድክ አድርግ፤ ብቻ የሚጸልይላት ሰው አይጥፋ» አለችው። እሱም ይህን አደራ ይዞ ነው የመጣው።

ስድስቱንም አርብ ሳይቀር መጣ። ወንድ ስድስቱንም አርብ ሲጨርስ በታሪካችን የመጀመሪያው ነው። ኮሚቴው ያን ጊዜውኑ መጠርጠር ነበረበት።

በሦስተኛው አርብ የማስተምረውን ታውቃላችሁ። ክርስትና ማንሳት ዝምድና ነው፤ በእኛ በካቶሊኮቹ የግዕዝ ሥርዓት አበልጅና አበልጅ አይጋቡም፤ ክርስትና እናት የልጅቱን አባት አታገባም። ይህን ተናግሬ ስጨርስ ዘላለም ወንበር ሲሰበስብ ቆየና መጣ።

«እትዬ እማዋይሽ ሄራንን ቢያነሱልኝ ምን ይመስልሻል?» አለኝ።

«ጥሩ ነው። ለምን እሳቸውን መረጥክ?»

«ትልቅ ሴት ናቸው» አለ። «እሳቸውን ላገባ አላስብም።»

ለእኔ ግን ገባኝ። በዚያ ሳምንት የማዳምን መጅቡስ ሁለት ጊዜ ጨው ጨመርኩበት። ማዳም ሩዙን አንዴ ጎርሳ ሳህኑን ገፋች፣ ከዚያ ፊቴን አየችና እርጎ አስመጣች። በአምስተኛው አርብ ዘላለም ግልጹን ነገረኝ። ጥምቀቱ ይለፍ እንጂ አባ ዘንድ ሽማግሌ እልካለሁ አለ። ምን ብዬ መለስኩለት? «ስድስተኛውን አርብ እንዳትቀር» አልኩት። አስተማሪ ነኝ እኮ።

እናንተስ አላወቃችሁም? ከእኔ በፊት ያወቃችሁት እናንተ ናችሁ። በዋትስአፕ የሚዜዎች ቀሚስ ቀለም ላይ ተጣልታችሁ ሁለት ሰው ከግሩፑ ወጥቷል።

የጥምቀቱ ቀን ደረሰ። አባ ኢያሱ እንደ ልማዳቸው ከሌላ አገር መጥተው ነበር፤ በማግስቱ ይመለሳሉ። ሄራን ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ውሃው አጠገብ ቆማለች። ቅዳሴ አለቀ። ክርስትና እናት የለም። ስልክ ተደወለ፤ እትዬ እማዋይሽ ሻሌ ናቸው። ማዳማቸው ቤተሰቡን ሁሉ ይዛ ባሕሩ ዳርቻ ወዳለው የእረፍት ቤቷ ወርዳለች።

እትዬ፣ በመሄድዎ አልወቅስዎትም። ማዳም «ተነሺ» ስትል እዚህ ካለነው ማን ተቀምጣ ቀርታለች? ግን ሻሌ የወረዳችሁት ሐሙስ ነው፤ ያወቅነው አርብ፣ እኛ ደውለን ነው። ያቺን አንዲት ስልክ ሐሙስ ቢደውሉልኝ ኖሮ ዛሬ እዚህ ቆሜ አላደክማችሁም ነበር።

ከዚያ ምትክ ፍለጋ ሆነ። ሴት ልጅን ሴት ናት የምታነሳት፤ ጋሽ ኃይለ ማርያም ይህን ማንም ሳይጠይቃቸው ጮክ ብለው አስታወሱን። እዚህ ያለችው ቤቲ ነጠላዋን ረስታለች፤ ይህን ስትል ነጠላዋን እያስተካከለች ነበር። ሌላዋ ለክርስትና ልጅ ወርቅ ካልሰጠች ታፍራለች። ሌላዋ ደግሞ ወደ ውስጥ መግባት የማትችልበት ቀን መሆኑ ትዝ አላት፤ ሲቀደስ ከፊት ረድፍ ነበረች። አባ ምንም አያውቁም። «ምን ነው ልጆቼ፣ ሜሮን የተቀባች፣ የተማረች አንዲት ሴት ጠፍታ ነው?» አሉ።

ከኋላ አንዱ ድምፅ «የሺ አለች አይደል እንዴ?» አለ።

እልልታው ቀለጠ። ማንኛችሁ እንደሆናችሁ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም፤ አሁንም አልጠይቅም። እልል ያላችሁት ሁላችሁም ናችሁ። የሚዜ ቀሚስ የምታማርጡት ራሳችሁ፣ ሚዜ የምትሆኑላትን ሴት ለሙሽራው አበልጅ ስታደርጓት እልል አላችሁ። ለዚህ ጥፋት የሦስተኛውን አርብ ትምህርት መርሳት አይበቃም፤ አዋቂ ኮሚቴ ያስፈልጋል።

ዘላለምን አየሁት። ራሱን በቀስታ ነቀነቀ፤ አይሆንም ሲለኝ ነው። እኔም «አባ፣ ሌላ ጊዜ ይሁን» ልል አፌን ከፈትኩ። ያኔ ሄራን ዙሪያዋን አየችና የአባን ልብሰ ተክህኖ ጎተተች።

«እኔን የሚያነሳኝ የለም እንዴ?» አለች።

እስቲ ንገሩኝ፤ ምን ልበላት? አባትሽን ማግባት ስለምፈልግ አንቺ ሳትጠመቂ ቆዪ ልበላት? ነጠላዬን አመሳቀልኩና ወደ ውሃው ሄድኩ።

እንደ ሥርዓቱ ወደ ምዕራብ ዞረን ሰይጣንን ካድን። በምዕራብ በኩል ቆማችሁ የነበራችሁት እናንተ ናችሁ። በዚያን ሰዓት ቃሉን ከልቤ ነው ያልኩት።

ጨቅላ ማንሳት ቀላል ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ግን ሰው ናት፤ ወገቤ እስከ ዛሬ ይመሰክራል። ከውሃው ስትወጣ አላለቀሰችም። ነሐሴ ነበር፤ የነሐሴ የኩዌት ቧንቧ ለሻይ ትንሽ ነው የሚቀረው። አንገቴን አቅፋ «ይሞቃል» አለችኝ። አባ ማዕተቡን አሰሩላት፣ ሜሮን ቀቧት፣ አቆረቧት። እናንተም ደግማችሁ እልል አላችሁ፤ ከመሃል ድንገት ዝም አላችሁ። ያኔ ነው የገባችሁ። ቤቲ በረሳችው ነጠላ አፏን ያዘች።

ማምሻውን እትዬ እማዋይሽ ከሻሌ ደወሉ። «እንኳን ደስ ያለሽ፣ እግዜር ይስጥሽ፣ ተተካሽልኝ» አሉና ወዲያው «ወይኔ ጉዴ» አሉ። ስልኩም ተዘጋ።

ማዳምም ፊቴን አይታ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። በተሰባበረ ዓረብኛዬ ነገርኳት። የአንዲት ልጅ ነገር በእጄ ገባ፤ አባቷ ባይኖር ስለ እሷ የምጠየቀው እኔ ነኝ አልኳት። «ከፊሏ ሆንሽ ማለት ነው» አለች። በዚህ አገር ከፊል ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ አበሻ የለም፤ በስሙ ያስመጣሽ፣ ስለ አንቺ የሚጠየቀው አሠሪ ነው። ስድስት አርብ ሳትማር ገባት። እዚህ ስድስቱንም ተምረው፣ ያነሱትን ልጅ ስም የማያውቁ አሉ።

ኮሚቴው ከዚያ በኋላ ሥራ አልፈታም፤ ስብሰባ ጠራ። ጋሽ ኃይለ ማርያም በላቲን ሥርዓት ይህ ክልከላ እንደሌለ አገኙ። «ፎቅ ላይ በፊሊፒኖዎቹ ሥርዓት ተጋቡና ወደ እኛ ተመለሱ» ብለው መከሩኝ፤ ዕቃ ቀይሮ እንደ መመለስ። ሌላው ደግሞ፣ ስሙን አልጠራም፣ «ውሃው ትንሽ ነበር፤ ጥምቀቱ መያዙን በምን እናውቃለን?» አለ። ልብ በሉ፤ እኔን ለመዳር ሕፃኗን ከክርስትና ሊያወጣት ነው። ውሃው እስከ ትከሻዬ አርሶኛል፤ ይዟል አልኩት።

እኔ ራሴ ምን አደረግሁ? ዘላለምን «በቃ» አልኩት። በየወሩ ተነስቼ አበልጅ አይጋባም እያልኩ ለሰው የማስተምር ሴት፣ ለራሴ ሲሆን እንዴት ልጣሰው? እሱም አልተከራከረኝም። ግን አርብ አርብ ሄራንን ይዞ መምጣቱን አላቆመም፤ ክርስትና እናቷ ነኝና መምጣት አለባት። ሁለት ዓመት ሙሉ ጸሎቱ ሲያልቅ ልጅቱ እጄን ትይዝና «ዛሬ ከእኛ ጋር ትሄጃለሽ?» ትለኛለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልዋ በሚወስደው አውቶቡስ ብቻዬን ተሳፍሬ ሄጃለሁ። ለምን ትሄጃለሽ እያላችሁ ስትጠይቁኝ «አገሬ ናፈቀኝ» እላችሁ ነበር። አገር ብቻ አይደለም። ልጅቱን «ዛሬም ከእናንተ ጋር አልሄድም» ማለት አቃተኝ። ሰውየውን እወደዋለሁ። ይኸው፣ አባ ባሉበት ተናገርኩት።

እናንተ ግን ይህን ሁሉ ስብከት አደረጋችሁት። አዲስ ለመጣች ሴት ሁሉ «ያቺ የሺ ናት፤ ለአንዲት ነፍስ ስትል ባል የተወች» ተብዬ እታያለሁ። አንዷማ ባለፈው አጠገቤ መጥታ ልብሴን ነካችና ተሳለመች። እኔ ባል አልተውኩም። ልጅ ነው ያነሳሁት። ባሉን ያስተዋችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ ባነሩንም ያሠራችሁት እናንተ።

አሁን ብዙዎቻችሁ የማታውቁትን ልንገራችሁ።

ዘላለም ተስፋ አልቆረጠም ነበር። አምና ለእኔ ሳይነግረኝ አባ ኢያሱን አነጋገረ። አባም እውነቱን ነገሩት፤ ይህ ክልከላ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው፤ ጳጳሱ በቂ ምክንያት ካዩ ሊፈቱት ይችላሉ። ጉዳዩ ጳጳሱ ዘንድ ደረሰ። ጳጳሱ ሊፈቅዱ አስበው ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «ሕዝቡ ይሰናከላል ወይ?» አባ ለኮሚቴው ደወሉ። ከኮሚቴው ምን መልስ ተሰጠ?

«ሕዝቡ ይሰናከላል።»

በዚሁ ቀረ። እኔ የሰማሁት ባለፈው አርብ ነው። አባ ያወቅሁ መስሏቸው ሊያጽናኑኝ ሲሉ ነው የነገሩኝ። አባ፣ አይጨነቁ፤ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።

ሳምንቱን ሙሉ ይህን ሕዝብ ስፈልገው ሰነበትኩ። ፋርዋኒያ የአገራችን ልጆች ተሰብስበው የሚኖሩበት ቤት ሄጄ፣ ዘላለምን ባገባ ትሰናከላላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። «ሠርጉ መቼ ነው?» አሉኝ። ሳልዋ ያሉትን የኦርቶዶክስ እኅቶች ጠየቅሁ፤ እነሱ ጥብቅ ናቸው። «አበልጅ ማግባት ነውር ነው» አሉኝ። «ግን ጳጳስ ከፈታው እኛ ምን አግብቶን?» የዘላለምን ሟች ሚስት ጓደኞች ሳይቀር ጠየቅሁ። «ልጅቱን የምትወድ ከሆነ ጌታ ይባርክሽ» ብለው እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ። ሕዝቡን አላገኘሁትም። ምናልባት በኮሚቴ ስብሰባ ብቻ የሚገኝ ሕዝብ ነው።

እንግዲህ ዛሬ ሁላችንም አለን። አባ ከፊቴ ተቀምጠዋል። በስልክ የተጠየቀው ጥያቄ በአካል ይጠየቅልኝ። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ፣ እኔና ዘላለም በጳጳሱ ፈቃድ ብንጋባ የሚሰናከል ሰው ካለ ብድግ ይበል። አልቀየምም። ነገ ማታ ሄጃለሁ፤ ብቀየምም አታዩኝም።

ጊዜ ወስዳችሁ አስቡበት።

ጋሽ ኃይለ ማርያም፣ ተነሱ እንዴ? ውሃ ሊጠጡ ነው። ይጠጡ፣ ጋሼ፤ እኔንም አስደንግጠውኛል።

ቤቲ? ተቀምጣለች።

ከኋላ? ማንም አልተነሳም።

እትዬ እማዋይሽ፣ እርስዎን ነው የማየው። የአባን ስልክ ያነሱት እርስዎ ነዎት፤ ለምን እንደዚያ ብለው እንደመለሱ አስቤበታለሁ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ታምሜ ስተኛ ሾርባ በፔርሙዝ ይዘውልኝ የመጡት እርስዎ ነዎት። ባገባ፣ ያቺ የጥምቀት አርብ በተነሳች ቁጥር ያልመጣችው ክርስትና እናት ማን ናት ይባላል። ባላገባ ግን እኔ መሥዋዕት ነኝ፤ ያልመጣውን ሰው የሚያስታውስ የለም። ይህን ነው የፈሩት መሰለኝ። እኔ ግን ስምዎን ለማንም አላነሳም፤ ከዛሬ በቀር።

ምን አሉ፣ እትዬ? ጮክ ይበሉልኝ፤ አባ አልሰሙም።

«እኔ አልሰናከልም» ብለዋል።

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እትዬ። አይ፣ አያልቅሱ፤ እኔም ከጀመርኩ አልጨርስም። አባ፣ ሕዝቡን ሰምተዋል። ጳጳሱ ጋ አሁኑኑ ይደውሉ ብዬ አላስቸግርዎትም፤ ወደ ውጭ ሲወጡ ይበቃኛል።

ክቡራትና ክቡራን፣ በሩ ላይ ያሉት ሰዎች አሁን መሳል ጀምረዋልና ልመርቃችሁ። አርባችሁን የሚሰጥ ማዳም ይስጣችሁ። ከሰው ደጅ ወጥታችሁ የራሳችሁን ደጅ የምትከፍቱበትን ቀን ያቅርብላችሁ። ኢቃማችሁ ሳያልቅ፣ ጤናችሁ ሳይጎድል፣ እናት አባታችሁን በሕይወት አግኝታችሁ ወደ አገራችሁ ይመልሳችሁ። ያነሳችኋቸው ልጆች አድገው ክርስትና አባቴ፣ ክርስትና እናቴ ብለው ይጠይቋችሁ፤ እናንተም ስማቸውን የምታውቁ ያድርጋችሁ። ይህን ኮሚቴ እግዚአብሔር ይጠብቀው፤ እኛንም ከእሱ ይጠብቀን። ያስቀየምኩትን ይቅር በሉኝ፤ ያስቀየማችሁኝን ይቅር ብያችኋለሁ፤ አንዳንዶቻችሁን ገና አሁን።

ሄራን፣ ተነሺ እናቴ። አባትሽን እጁን ይዘሽ ወደዚህ አምጪው።